ከሰፈራችን በላይ ያለው የግል ግድብ ያሰጋል ወይ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምንኖረው ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ባለ አዲስ ሰፈር ነው። ከእኛ በላይ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ አንድ ባለሀብት ጅረቱን በአፈር ገድቦ ለከብት እርባታና ለአትክልት ይጠቀምበታል። የግድቡ ቁመት 6 ሜትር ይሆናል ይባላል። ባለፈው ነሐሴ ውሃው አናቱን ሊያልፍ ሁለት ስንዝር ሲቀረው አይተን ሌሊቱን ሙሉ ዓይናችን አልተከደነም። ሰውየው ግን ‹ጎርፉን የሚያስቀርላችሁ ግድቡ ነው፤ የጉድጓዳችሁ ውሃም የሚመጣው ከእሱ ነው› ይለናል። የሰፈሩ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ይፍረስ ይላል፣ ግማሹ ምን አደረገን ይላል። እውነቱ የቱ ነው? አቤት የምንለውስ ለማን ነው?»

ከሁለቱ ስንዝር ልጀምር። ሁለት ስንዝር ቢበዛ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአፈር ግድብ ይሄ በጣም ትንሽ ነው። በትንንሽ የአፈር ግድቦች ላይ ትርፉ ውሃ ከሚወጣበት ከማስተንፈሻው ወለል እስከ ግድቡ አናት ድረስ ቢያንስ 1 ሜትር ያህል ይተዋል። የተተወውም ለቅንጦት አይደለም። ነፋስ ማዕበል ያነሳል። አፈሩም ከዓመት ዓመት ይሰጥማል፤ በተለይ መሃሉ፣ ማለትም ቁመቱ ትልቅ የሆነበት ቦታ። ስለዚህ ዳር ቆማችሁ ሁለት ስንዝር ያያችሁት መሃል ላይ አንድ ስንዝር ሊሆን ይችላል። መለካት ያለበት ዝቅተኛው ቦታ ነው።

የኮንክሪት ግድብ ውሃ በላዩ ቢያልፍ ብዙ ጊዜ ይችለዋል። አፈር አይችልም። ውሃው አናቱን ተሻግሮ በጀርባው ሲወርድ ከታች ጀምሮ እየቦረቦረ ወደ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ ቀጭን ቦይ ትታያለች። ቦይዋ አናቱን ስትቆርጠው የተጠራቀመው ውሃ ሁሉ በዚያች መውጫ ይሽቀዳደማል። ከዚያ በኋላ ማንም አያቆመውም። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል። አለመተኛታችሁ ልክ ነበር።

ይሁን እንጂ ግድብ አስጊ ነው አይደለም ለማለት ግድግዳውን ማየት አይበቃም። እኔ አንድ ግድብ ላይ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው «ትርፉ ውሃ የት ይሄዳል?» ብዬ ነው። ግድግዳው ያማረለት፣ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ የሌለው ባለቤት ብዙ ነው። ገንዘቡን ሁሉ ውሃ ለመያዝ ያወጣል፤ ውሃ ለመልቀቅ ማውጣት ኪሳራ ይመስለዋል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ከባድ አይደለም። የእናንተ ቦታ ስላልተለካ በምሳሌ ነው የምናየው። ከግድቡ በላይ ሆኖ ውሃውን ወደ ጅረቱ የሚያፈስሰው መሬት 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው እንበል። በሁለት ሰዓት ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዝናብ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከባድ ነው፤ የማይታሰብ ግን አይደለም። በነሐሴ መሬቱ ጠግቧል። ዋልካ አፈር አንዴ ከራሰ ከዚያ በኋላ የሚያሰርገው ውሃ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከወረደው ግማሹ ጅረቱ ውስጥ ገባ ብንል 50,000 ሜትር ኪዩብ ውሃ መጣ ማለት ነው። በሁለት ሰዓት ሲካፈል በሰከንድ 7 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይሆናል። ይሄ አማካዩ ነው። ጎርፉ በሚያይልበት ደቂቃ እጥፉን፣ በሰከንድ 14 ሜትር ኪዩብ አካባቢ መጠበቅ ነው።

አሁን መውጫውን እንይ። በየግል ግድቡ ከማያቸው ነገሮች አንዱ ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተቀበረ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ነው። ባለቤቱ «ይኸው ማስተንፈሻ» ብሎ በኩራት ያሳያል። ያ ቱቦ ቢበዛ በሰከንድ ሩብ ሜትር ኪዩብ ቢያሳልፍ ነው። ፌስታልና ቅጠል ሲወትፈው ደግሞ እሱም ይቀራል። መውጫው 4 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት ቦይ ከሆነና ውሃው ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ካለፈበት 2.4 ሜትር ኪዩብ ገደማ ያስወጣል። ለ14 ሜትር ኪዩብ ግን፣ ውሃው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ብንፈቅድለት እንኳ፣ 18 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያስፈልጋል። የተጠራቀመው ውሃ ራሱ ጎርፉን ትንሽ ስለሚያለዝበው ስፋቱ ሊቀንስ ይችላል። ከ18 ወደ 4 ግን አይወርድም።

ስፋቱ ብቻም አይደለም። ማስተንፈሻው የሚቆፈረው ከግድቡ ጎን፣ ተፈጥሯዊ በሆነ ጠንካራ መሬት ላይ ነው እንጂ ተደልድሎ በተሞላው አፈር ላይ አይደለም። ወለሉ በድንጋይ ወይም በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይነጠፋል። ውሃውን የሚያወርደውም ከግድቡ ግርጌ ራቅ አድርጎ ነው፤ አለዚያ ከታች ሥሩን ይበላዋል። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ተመልከቱልኝ። አንዳንድ ባለቤቶች ክረምቱ ሊወጣ ሲል ብዙ ውሃ ለማስቀረት ማስተንፈሻው አፍ ላይ አፈር የሞላ ማዳበሪያ ይደረድራሉ። አንድ ረድፍ ማዳበሪያ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይጨምርላቸዋል። ከእናንተ ሁለት ስንዝር ላይ አንዱን የበላው ይሄ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ካያችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ እንዲነሳ አስደርጉ።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ባለበት የሚቆምም አይደለም። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ የትም ብትሄዱ ትናንት የጤፍና የግጦሽ መሬት የነበረው ዛሬ ቆርቆሮ ጣሪያና ኮብልስቶን ሆኗል። ቆርቆሮ አያሰርግም። ስለዚህ ግድቡ በተሠራበት ዓመት በቂ የነበረ ማስተንፈሻ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ጠባብ ይሆናል። ከግድቡ በታችም እንዲሁ ነው። ማሳ ላይ የሚሰበር ግድብ ሰብል ያጠፋል። ሰፈር ላይ የሚሰበር ግድብ ሰው ይገድላል። ግድግዳው ያው ነው፤ የተለወጠው ከታች የሚኖረው ነው። ይህን የምለው ባለሀብቱን ነፃ ለማውጣት አይደለም። መሬቱን ሸንሽኖ የሰጠውም አካል ከላይ ግድብ እንዳለ ማየት ነበረበት ለማለት ነው።

ወደ ሰውየው አባባል ልመለስ። «ጎርፉን የሚያስቀርላችሁ ግድቡ ነው» ማለቱ በሰኔ እውነት ነው። በነሐሴ አይደለም። ሰኔ ሲገባ ከብቱና አትክልቱ ሲጠቀሙበት ስለከረሙ ግድቡ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነው። የመጀመሪያውን ጎርፍ ውጦ ያስቀረዋል። ነገር ግን በአዲስ አበባ አካባቢ በሐምሌ ወር ብቻ 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ሲሶው እንኳ ወደ ጅረቱ ቢገባ በምሳሌያችን ቦታ ከ160,000 ሜትር ኪዩብ በላይ ነው። ቁመቱ 6 ሜትር፣ የውሃው ገጽ ደግሞ 2 ሄክታር የሚሆን ግድብ የሚይዘው 50,000 ወይም 60,000 ነው። ሐምሌ ሳያልቅ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በሞላ እንስራ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ የመጣው ያህል ይወጣል።

የሁለታችሁ ፍላጎት የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። እሱ ለበጋ የሚፈልገው የሞላ ግድብ ነው። እናንተን ከጎርፍ የሚያድናችሁ ባዶ ግድብ ነው። አንድ ግድብ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም መሆን አይችልም። በጊዜ ግን ልትካፈሉት ትችላላችሁ፤ ከባለሀብቱ ጋር ስትቀመጡ ዋናው ጉዳያችሁ ይሄ ቢሆን እመርጣለሁ።

አካፋፈሉ እንዲህ ነው። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ውሃው ግድቡ ሲሞላ ከሚደርስበት ከፍታ 1.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ይያዝ። ግድብ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ያቺ የላይኛዋ 1.5 ሜትር ብቻዋን 25,000 ሜትር ኪዩብ ያህል ቦታ አላት። ቅድም ያሰላነውን ከባድ ጎርፍ ግማሹን ዋጠች ማለት ነው። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ከግድቡ ሥር ያለው የውሃ መልቀቂያ ቱቦ ይዘጋና በቀሪው የነሐሴና የመስከረም ዝናብ ግድቡ ይሞላል። ባለሀብቱ «ዝናቡ ቀድሞ ቢወጣብኝስ?» ማለቱ አይቀርም። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት ክረምቱ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ምን ያህል እንዳነሰ እናስታውሳለን። ስለዚህ 1.5 ሜትሩ ላይ አትሙቱ። 1 ሜትር ላይ ብትስማሙም ትልቅ ነገር ነው። ለማንኛውም ይህ የሚሆነው ከሥር የሚሠራ መልቀቂያ ቱቦና ቫልቭ ካለው ብቻ ነው። ቫልቩ ከተከፈተ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁት። ዝጎ የተጣበቀ ቫልቭ እንደሌለ ቁጠሩት።

የጉድጓዱን ነገር በአጭሩ ልበል። ጉድጓዳችሁ ጅረቱን ተከትሎ ከተቆፈረና ግድቡም ቅርብ ከሆነ ከግድቡ የሚሰርገው ውሃ ሊደግፈው ይችላል። ከጅረቱ ራቅ ብሎ ከፍታ ላይ ከሆነ ግን ግድቡ አያውቀውም። ወለሉ ዋልካ ከሆነ የሚሰርገው ትንሽ ነው፤ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ላይ ካረፈ ብዙ ነው። በሌላ በኩል ግድቡ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በትነት ብቻ 1 ሜትር ያህል ውሃ ያጣል፤ ይሄ ለማንም አልሆነም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ በበጋ ጅረቱን ሙሉ በሙሉ ከዘጋው ከታች ያለው ሰው የነበረችውን ትንሽ ፍሳሽም ያጣል። ስለዚህ በበጋ ከመልቀቂያው ትንሽም ቢሆን ሳይቋረጥ እንዲለቀቅ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ከላይ የከብት እርባታ አለና ያንን ውሃ ሳታፈሉ ወይም በክሎሪን ሳታክሙ አትጠጡ።

አሁን ወደማይታየው አደጋ እንምጣ። የአፈር ግድቦች ከሚሰበሩባቸው ምክንያቶች ሁለቱ ትልልቆቹ ውሃ በአናታቸው ማለፉና ውሃ በውስጣቸው እየሰረገ አፈሩን ይዞ መውጣቱ ናቸው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያያል። ሁለተኛው ፀሐይ በጠራራበት፣ ዝናብ በሌለበት ቀንም ይመጣል።

ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ከግድቡ ጀርባ ግርጌ ግርጌውን ተጓዙ። እርጥብ ቦታ አለ? በበጋ ብቻውን የለመለመ ሣር ወይም ቄጠማ አለ? የሚፈልቅ ውሃ ካለ በሃይላንድ ቀድታችሁ ለአንድ ቀን አስቀምጡት። ውሃው ከጠራና ከሥሩ ምንም ካልዘቀጠ ያው የአፈር ግድብ ወግ ነው፤ የማያፈስ የአፈር ግድብ የለም። ከሥሩ አፈር ከዘቀጠ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም። መጠኑም ይታይ፤ የውሃው ከፍታ ሳይጨምር ፍሳሹ ከሳምንት ሳምንት ከጨመረ ጥሩ ምልክት አይደለም።

በተለይ መልቀቂያ ቱቦው የሚወጣበትን ቦታ እዩ። በቱቦውና በአፈሩ መካከል ያለው ስፍራ ለሮለር ስለማይመች ሳይጠቀጠቅ ይቀራል። ውሃም መንገድ የሚያገኘው እዚያ ነው። ግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ ካለ ጥላው ደስ ቢልም ቦታው አይደለም። ሥሩ ግድቡን ሰንጥቆ ይገባል፤ ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ ባዶ ቧንቧ ይተዋል። ስለዚህ ትልቅ ዛፍ ከሆነ ዝም ብሎ ከመቁረጥ በፊት ባለሙያ ይይ። የፍልፈልና የጃርት ጉድጓድም እንዲሁ ነው። አናቱ ላይ ሣር ብቻ ይብቀል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለ፤ ዋልካ። ውሃ ለመያዝ ጎበዝ አፈር ነው፤ ብዙዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ግን በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ግድቡ በዋልካ ከተሠራና በሌላ አፈር ካልተሸፈነ በግንቦት አናቱ ላይ ስንጥቆች ታያላችሁ። ርዝመቱን ተከትሎ የሄደ ስንጥቅ አንድ ነገር ነው። ከውሃው ወደ ጀርባው አቋርጦ የሄደ ስንጥቅ ግን በሐምሌ ውሃው በፍጥነት ከፍ ሲል ቀጥታ መተላለፊያ ይሆናል። ስንጥቆቹን መፈተሽና ማስደፈን ያለባችሁ ሰኔ ሳይገባ ነው። «በዶዘር ነው የተሠራው» ሲሏችሁም አትደነቁ። ዶዘር አፈር ይገፋል፤ አይጠቀጥቅም። ግድብ የሚሠራው 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ በሆነ ንብርብር፣ አፈሩ ልክ እንዲረጥብ እየተደረገ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ነው።

ትንሽ ግድብ ነውና ምን ያመጣል የምትል ሐሳብ በሰፈራችሁ እንዳለች ይገባኛል። የዓለም አቀፉ የትልልቅ ግድቦች ኮሚሽን በመሠረቱ «ትልቅ» የሚለው 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። 6 ሜትር እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ሆኖም 6 ሜትር ቁመት ያለውና 60,000 ሜትር ኪዩብ የያዘ የአፈር ግድብ ሲሰበር፣ በቀደሙ አደጋዎች ላይ ተመሥርቶ በተሠራው ቀመር ሲሰላ፣ በሰከንድ ከ100 ሜትር ኪዩብ በላይ ይለቃል። ቅድም ከባድ ያልነው ጎርፍ 14 ነበር። 1.5 ኪሎ ሜትር የሆነውን ርቀት ደግሞ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊጨርሰው ይችላል።

ሩቅ አይደለም፣ ጎረቤታችን ኬንያ ናኩሩ ውስጥ ሶላይ በሚባል ቦታ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ምሽት የአንድ የግል እርሻ ግድብ ተሰብሮ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከባድ ዝናብ የከረመበት ወቅት ነበር። በኋላ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ግድቡ ፈቃድ አልነበረውም አሉ። ይህንን ከመሰበሩ በፊት ማወቅ ይቻል ነበር።

እና ይፍረስ? የእኔ መልስ «አሁን አይደለም፣ በዶማም አይደለም» የሚል ነው። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ውሃው ከፍ ባለበት ሌሊት የሰፈር ወጣቶች ተሰብስበው «ትንሽ እናስተንፍሰው» ብለው አናቱን የመቁረጥ ሐሳብ ስለሚመጣላቸው ነው። የቆረጡት አንድ ሜትር ስፋት ቢሆን ውሃው ራሱ ያሰፋዋል። ራሳችሁ ሰበራችሁት ማለት ነው። ውሃ ዝቅ ማድረግ ካስፈለገ በመልቀቂያው፣ በፓምፕ፣ ወይም በአናቱ ላይ አልፎ በሚወርድ ውሃ ሳቢ ቱቦ ነው። ማፍረስ ግድ ከሆነም የሚፈርሰው በበጋ፣ ውሃው ተሟጦ፣ የተከማቸው ደለል የት እንደሚሄድ ታውቆ ነው። ደለሉ ባንድ ጊዜ ከወረደ የታችኛውን ድልድይና ቦይ ይደፍናል።

ደግሞ እውነት ለመናገር ብዙውን ጊዜ ማፍረስ አያስፈልግም። ማስተንፈሻውን በጎኑ ማስፋት፣ መሃሉ የሰጠመውን አናት ማስተካከል፣ ግርጌውን በጠጠርና በድንጋይ ማጠናከር፣ ቫልቩን ማስጠገን፤ አብዛኛው ሥራ ይሄ ነው። ውሃ መያዝ በራሱ ጥፋት አይደለም። አዲስ አበባም የምትጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ነው፤ የአቃቂ ጉድጓዶች ሲጨመሩበት። ልዩነቱ እነዚያን የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ የሚለካ መለኪያ፣ ሲሞሉ ለታችኛው ነዋሪ ማስጠንቀቂያ የሚያስነግር ተቋም መኖሩ ነው። የእናንተን ግድብ በሌሊት የሚያየው ማን ነው? ዘበኛው ከሆነ፣ የእናንተ ስልክ አለው?

ለማን አቤት እንበል ላላችሁት፣ መጀመሪያ ለባለሀብቱ ለራሱ። ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ። ግድቡ ቢሰበር እሱም የዓመት ሥራውን፣ ፓምፑንና ምናልባትም ነፃነቱን ያጣል። «አፍርስ» ብላችሁ ከገባችሁ በሩን ይዘጋል። «ማስተንፈሻው ስንት ሜትር ነው?» ብላችሁ ከገባችሁ መነጋገር ይጀመራል። ሦስት ወረቀት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የውሃ ሥራ ፈቃዱን፣ ዲዛይኑንና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን።

ካልሆነ መንግሥት አለ። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፤ መሬት በሊዝ የያዘ ሰው የጅረቱ ጌታ አይሆንም። ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ይቀድማል። የውሃ ሥራ ለመገንባትም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አፈጻጸሙ በደንብ ቁጥር 115/1997 ተዘርዝሯል። አዋጁ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖንና ባህላዊ እርባታን ከፈቃድ ነፃ ያደርጋል። አንዳንዱ በዚህ ቀዳዳ ሊሾልክ ይሞክራል። በማሽን የተሠራ የ6 ሜትር ግድብ ባህላዊ ነው የሚለኝ ሰው ግን እኔን አያሳምነኝም።

ለገጣፎ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነው። ደብዳቤያችሁን ለከተማው የውሃ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ጅረታችሁ ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ስለሚገባ ለአዋሽ ተፋሰስ አስተዳደር ግልባጭ ይሁን። ሰሜን ሱሉልታ በኩል ያለ አንባቢ ካለ የእሱ ውሃ በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደውና ግልባጩ ለሌላ ነው። ደብዳቤው ላይ «ሰግተናል» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። ስጋት ፋይል ውስጥ ይተኛል። ቀን፣ ልክና ፎቶ አያይዙ። መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበት ማኅተም ያለው ቅጂም በእጃችሁ ይቅር።

እስከዚያው ግን ክረምት አይጠብቅም። የውሃው ዳር ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀለም የተቀባ እንጨት አስተክሉ። ዝናብ በጣለ ቁጥር አንድ ሰው ይየው። የትኛው ቀለም ሲነካ ሰው ይቀስቀስ የሚለውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለስልክ ብቻ አትተማመኑ፤ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የዕድሩ ጡሩምባ ለዚህ ጊዜ ነው። ድምፁ ለቀብር ከሚነፋው ይለይ። ሰው የሚሸሸው ጅረቱን ይዞ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ ነው። አቅመ ደካማና አልጋ ላይ ያለ ሰው የማን ኃላፊነት እንደሆነ በስም ይታወቅ።

ልጆችንም አትርሱ። ከግድብ መሰበር ይልቅ በየዓመቱ ሰው የሚወስደው በኩሬና በግድብ ውስጥ መስጠም ነው። ትምህርት በማይኖርበት በክረምት ልጆች ለዋና ይወርዳሉ። ዳሩ ጭቃ፣ ወይም ፕላስቲክ የተነጠፈበት ከሆነ ደግሞ የወደቀ ልጅ ተንጠላጥሎ አይወጣም። አጥር የባለሀብቱ ሥራ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ገመድና ጎማ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም።

ጅረቱ ዳር ቤት የሠራችሁ ወይም ልትሠሩ መሠረት ያወጣችሁ ካላችሁ፣ ከግድቡ ሌላም ጣጣ ስላለ ለብቻ ልታዩት ይገባል። ግድቡ ባይኖር እንኳ ያቺ ዳር የጅረቱ ናት። የደረቀች መስላ ለሦስት ዓመት ልትቆይ ትችላለች፤ በአራተኛው ትመጣለች።

ለእናንተ ግድብ ቁርጥ ያለ መልስ ለመስጠት ግን አራት ልኬቶች ያስፈልጉኛል። የማስተንፈሻው ወለል ስፋት፣ ከወለሉ እስከ ግድቡ ዝቅተኛ አናት ያለው ከፍታ፣ የሞላ ጊዜ የውሃው ገጽ ርዝመትና ስፋት፣ እንዲሁም ከግድቡ በላይ ውሃውን የሚያወርደው መሬት ስፋት። የመጨረሻውን በስልካችሁ ካርታ ላይ የኮረብታውን ጫፍ ጫፍ ተከትላችሁ መክበብ ትችላላችሁ። ሌሎቹን በሜትር ለኩ፤ በርምጃ አይሁን። ላኩልኝና ማስተንፈሻው ስንት ሜትር መሆን እንዳለበት አስልቼ እጽፍላችኋለሁ።